የኮሶ ዛፍና የሁለት ወር ቀጠሮ

አያቴ ኮሶ በሚጠጡበት ቀን ቤታችን ጎሕ ሳይቀድ ይነቃ ነበር። ሚስታቸው እማማ ከዋዜማው የወቀጡትን አበባ በቅል ዘፍዝፈው ያሳድሩታል። ሌሊቱን ቅሉ ተከድኖ ከምድጃው አጠገብ ይቀመጣል፤ እኛ ልጆች ከመደቡ ላይ ሆነን በጋቢ ጫፍ አጮልቀን እናየዋለን። ዶሮ ሲጮኽ እማማ ተነስተው ይበጠብጡታል። ድፍርሱ ቡኒ ነው፣ ወደ ቀይ ያደላል፤ ሽታው ደግሞ እስከ ጓዳ ይደርሳል። አያቴ ያማትቡና አፍንጫቸውን ቆንጥጠው አንድ ጊዜ ሳይተነፍሱ ይጨልጡታል። እማማ ሎሚ አፍንጫቸው ሥር ይዘው «እንዳይመልሱት! ጥርስዎን ነከስ ያድርጉ» ይሏቸዋል።

የዚያን ቀን አያቴ እርሻ አይወርዱም፤ ለሽምግልናም አይቀመጡም። ጎረቤት ቢመጣ እማማ ከደጅ ሆነው «ኮሶ ጠጥተዋል» ይላሉ፤ እንግዳውም ምንም ሳይጠይቅ ይመለሳል። በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ከአንኮበር ማዶ ባለችው መንደራችን፣ ከዚህ የበለጠ የተከበረ ይቅርታ አልነበረም። አያቴ ጓሮ ደርሰው በተመለሱ ቁጥር ድምፃቸው ይደክማል፣ ፊታቸውም ይነጣል። ቀትር ሲያልፍ እማማ ሁልጊዜ አንዲት ጥያቄ ብቻ ይጠይቃሉ፦ «ራሱ ወጣ?»

አያቴ ራሳቸውን ከነቀነቁ አጥሚቱ ይቀርባል፣ ዶሮውም ይታረዳል። ካልነቀነቁ እማማ በጣታቸው ቀን መቁጠር ይጀምራሉ። ያቺን ጥያቄ የተረዳኋት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። አንድ ዛፍ፣ አንድ ትልና አንድ ሕዝብ ለብዙ ዘመን የተጋጠሙበት ታሪክ በሁለት ቃል ተጠቅልሎባት ነበር።

አንድ ስም ለሦስት ነገር

በአማርኛ ኮሶ ብለን የምንጠራው ሦስት ነገር ነው። ዛፉ ኮሶ ነው። ከአበባው የሚበጠበጠው መድኃኒት ኮሶ ነው። ሆድ ውስጥ የሚያድገው ረጅም ጠፍጣፋ ትልም ኮሶ ነው። አንድ ሰው «ኮሶ አለብኝ» ሲል በሽታውን ይነግረናል፤ «ኮሶ ጠጣሁ» ሲል ፈውሱን ይነግረናል። ቋንቋው ሁለቱን ለመለየት አልተቸገረም፤ ዛፉን ያወቀው ሰው ትሉን፣ ትሉን ያወቀው ደግሞ ዛፉን ያውቅ ነበርና። የመረረውን ነገር ሁሉ «እንደ ኮሶ የመረረ» የምንለውም ይህ ልማድ ከምላሳችን ስላልጠፋ ነው።

ትሉ ወደ ሰው ሆድ የሚገባው በጥሬ ሥጋ ነው። ቁርጥ፣ ጎረድ ጎረድ፣ ጥሬ ወይም ለብለብ ክትፎ የሚወድ ሰው መንገዱን ሳያውቅ ይጠርግለታል። በከብቱ ጡንቻ ውስጥ የትሉ እጭ አተር በምታህል የውሃ ከረጢት ተሸሽጎ ይቀመጣል። ሥጋው ሳይበስል ሲበላ እጩ ከከረጢቱ ይወጣና ሁለት ሚሊሜትር እንኳ በማይሞላ ራሱ ላይ ባሉት አራት መምጠጫዎች የአንጀትን ግድግዳ ይይዛል። ከዚያ በኋላ ማደግ ብቻ ነው ሥራው። የጎለመሰ የከብት ኮሶ ርዝመቱ ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ አሥራ ሁለት ሜትር ይደርሳል። ሰውነቱ ከአንድ ሺህ በላይ በሆኑ ቁርጥራጮች የተቀጣጠለ ነው፤ በጫፉ ያሉት እንቁላል የሞላባቸው ቁርጥራጮች እየተበጠሱ ይወጣሉ። ሰው «ኮሶ ታየኝ» የሚለው እነዚህን ነጭ ቁርጥራጮች ሲያይ ነው።

የእማማ ጥያቄ ትርጉሟን የምታገኘው እዚህ ላይ ነው። የትሉ እድገት ሁሉ የሚጀምረው ከራሱ፣ ከአንገቱም አካባቢ ነው። አሥር ሜትር ሰውነት ተጎትቶ ቢወጣ እንኳ ራሱ አንጀት ላይ ተጣብቆ ከቀረ እንደገና ያድጋል። እጩ ከተዋጠ ጀምሮ ትሉ ጎልምሶ ቁርጥራጭ እስኪጥል ወይም የተበጠሰው ትል ከራሱ ተነስቶ እስኪያገግም በአብዛኛው ከሁለት ወር ተኩል እስከ ሦስት ወር ይወስዳል። አባቶቻችን ኮሶ ይጠጡ የነበረው ደግሞ በየሁለት ወሩ ገደማ ነው። ማይክሮስኮፕ ያላየው ሕዝብ ትሉ ተመልሶ ከመታየቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ቀጠሮውን ይቆርጥ ነበር። ይህን ሳስብ የእማማ ጣት አቆጣጠር ትዝ ይለኛል። እጭ የሚባል ነገር ሰምተው አያውቁም፤ ቀኑን ግን ያውቁት ነበር።

ድንሾ፣ ከጥዱ አጠገብ

ዛፉን በሙሉ ክብሩ ያየሁት በባሌ ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት የሚገኝባት ድንሾ ከባሕር ጠለል በላይ ሦስት ሺህ ሜትርን ታልፋለች። ኅዳር ነበር፤ ውርጩ ሣሩ ላይ እንደ ጨው ተነስንሷል። በጥዶቹ መካከል ሰፊ አክሊል ያላቸው፣ ወገባቸው የተጣመመ ሽማግሌ ዛፎች ቆመዋል። ቅርፊታቸው ቀላ ያለ ቡኒ ነው፤ እንደ አሮጌ ወረቀት ይላጣል። ከሥራቸው የደጋ አጋዘን እኛን ከምንም ሳይቆጥር ይግጣል። አብሮኝ የሄደው የአካባቢው ሰው ግንዱን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ «ሄጦ» አለኝ፤ በኦሮምኛ ስሙ ነው።

ቀና ብዬ ሳይ አበባው እንደ ወይን ዘለላ ቁልቁል ተንጠልጥሏል፤ አንዳንዱ ዘለላ ግማሽ ሜትር ያህል ይረዝማል። ትንሽ ራቅ ብሎ በቆመው ዛፍ ላይ ያለው ዘለላ ግን መልኩ ሌላ ነበር። የመጀመሪያው ቀይ ወደ ሮዝ ያደላል፣ ሁለተኛው ነጣ ብሎ ወደ ብርቱካን ይሄዳል። ጓደኛዬ ቀዩን ጠቁሞ «እናትየዋ ይቺ ናት፤ መድኃኒቱ ከዚህች ነው» አለኝ።

ኮሶ ወንዴና ሴቴ አበባውን በተለያየ ዛፍ ላይ ያወጣል። ዕፅዋት አጥኚዎች ከጽጌረዳ ቤተሰብ ይመድቡታል፤ በወገኑ ውስጥ ግን ወንድም እህት የለውም፣ ብቸኛ ዝርያ ነው። የብናኙ መልእክተኛ ነፋስ ነው። በኢትዮጵያ ከሰሜን እስከ ባሌ፣ ከጎጃም እስከ አርሲ ባሉ ደጋዎች ይበቅላል፤ ከአስታው በታች፣ ከጥዱና ከአምጃው ጋር ተጎራብቶ። ከአገራችን ውጭ በኬንያ፣ በኡጋንዳ፣ በታንዛኒያ፣ በሩዋንዳና በኮንጎ ተራሮች እስከ ማላዊና ዛምቢያ ድረስ ይገኛል። የቪሩንጋ ተራሮች ጎሪላዎች የሚመላለሱበት ጭጋጋማ ደን ትልቁ ዛፍ ኮሶ ነው።

መድኃኒት ቀማሚው ከሁለቱ ዛፎች ሴቴዋን ይመርጣል። አበባው የሚሰበሰበው ዘለላው ሲቀላ፣ ፍሬው ሳይጠና ነው። የወንዴው አበባ ማስመለስ እንጂ ትል ማውጣት አይሆንለትም ይባላል። ከተሰበሰበ በኋላ ዘለላው ደርቆ ይታሰራል። ሲያረጅ ኃይሉ ስለሚደክም የዓመቱን ከአምናው የሚለይ ዓይን ያስፈልጋል። በመርካቶ ባህላዊ መድኃኒት ከሚሸጡ እናቶች አንዷ ይህንን ነገር በእጃቸው አሳይተውኛል። ከአንዱ እስር ጥቂት ቆንጥረው መዳፋቸው ላይ ፈተጉና አሸቱት፤ ከዚያ ወደ ጎን አደረጉት። «ይኼ ሞቷል፤ ልጄ፣ ይኼን የጠጣ ምሬቱን ብቻ ነው የሚያተርፈው» አሉኝ። ከሌላው እስር ሲቆነጥሩ ግን ራሳቸውን ዞር አደረጉ፤ ሽታው ገና ይናደፍ ነበር።

በዙሪያቸው ሌሎቹም የትል መድኃኒቶች ተደርድረዋል፦ እንቆቆ፣ መተሬ፣ ቀጨሞ፣ የዱባ ፍሬ። ኮሶ ለከበደው ሰው እንቆቆ፣ ለልጅ የዱባ ፍሬ እያሉ በየሰዉ አቅም የሚያማርጡ ነበሩ። ኮሶ ግን የሁሉም አለቃ ነበር።

ከጎንደር ገበያ እስከ አውሮፓ መድኃኒት ቤት

ኮሶ በታሪካችን ውስጥ ስሙ በትልቁ የተነሳው በስድብ ነው። የዐፄ ቴዎድሮስ እናት ወይዘሮ አትጠገብ በተቸገሩበት ዘመን ጎንደር ላይ ኮሶ ሸጠው ልጃቸውን አሳደጉ ይባላል። ካሳ ኃይሉ ሸፍቶ ስሙ ሲገን፣ ጠላቶቹ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ያንኳስሱት ጀመር። ደጃዝማች ወንድይራድ ያንን የኮሶ ሻጭ ልጅ ይዤ እመጣለሁ ብለው ፎክረው እንደዘመቱና እንደተሸነፉ ይተረካል። ካሳም እናቴ ዛሬ ኮሶዋ አልተሸጠላትምና እህል የለኝም ብሎ ለምርኮኛው ኮሶ በጥብጦ አጠጣው ይባላል።

ታሪኩን ስንሰማ የምናስታውሰው የካሳን በቀል ነው። እኔ ግን ከበስተጀርባው ያለችውን ሴት አስባለሁ። ኮሶ ሻጭ ማንም ሊያጣው የማይችለውን ነገር የምትሸጥ ሴት ነበረች። መኳንንቱም፣ ወታደሩም፣ ካህኑም፣ ገበሬውም በየሁለት ወሩ ደጇ ይመጣሉ። ጥሬ ሥጋ የሚበላው ሁሉ ባለዕዳዋ ነበር። እንጀራዋን የጋገረችበት ዕውቀት ግን የክብር ማዕረግ ሳይሆን የስድብ ስም ሆኖ ቀረ። ቡዳ ተብሎ የተገፋውን ብረት ቀጥቃጭና ሸማኔ ያየ ሰው ይህ ነገር አይገርመውም። ያለ እነርሱ መኖር የማንችላቸውን እጆች መናቅ የቆየ ሕመማችን ነው፤ ለእርሱ መድኃኒት የሚሆን አበባም አልተገኘም።

የውጭ ሰዎች ግን ዛፉን በአድናቆት ነበር ያዩት። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ጎንደር የገባው በ1770 እ.ኤ.አ. ነው። አገሩ ተመልሶ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ኮሶን ከነሥዕሉ ገለጸው፤ የአገሩ ሰው ወንድ ሴት ሳይል በየጊዜው እንደሚጠጣውም ጻፈ። ዛፉን በእንግሊዛዊው የዕፅዋት ሊቅ በጆሴፍ ባንክስ ስም ሊጠራው ፈልጎ ነበር፤ ይሁን እንጂ ያ ስም ቀድሞ ለአውስትራሊያ ዕፅዋት ተሰጥቶ ስለነበር አልጸናም። በዓመቱ፣ በ1791፣ ጀርመናዊው ግመሊን ዛሬ የሚታወቅበትን «ሀጌንያ አቢሲኒካ» የሚለውን የሳይንስ ስም አወጣለት። የስሙ መነሻ በኮኒግስበርግ ይኖር የነበረው የመድኃኒት ሊቅ ካርል ጎትፍሪድ ሀገን ነው። ብዙ ትውልድ ሲጠጣው ከኖረ ዛፍ በሳይንስ ስሙ ላይ የቀረው የአገሩ መጠሪያ ብቻ ነው።

ከብሩስ ሦስት ዐሥርት ዓመታት በኋላ፣ ፈረንሳዊው ሐኪም ብራየር በቁስጥንጥንያ የኮሶን ኃይል ተመለከተ፤ ዱቄቱን ወደ አገሩ ይዞ ቢሄድ ሌሎች ሊቃውንት መረመሩት፣ በእርሱም ስም ሌላ የሳይንስ ስም ወጣለት። የትል በሽታ ያስቸገረው አውሮፓ ኮሶን በፍላጎት ተቀበለው። መጀመሪያ ላይ ዋጋው የማይቀመስ ነበር፤ በ1864 እ.ኤ.አ. ደግሞ በብሪታንያ ይፋዊ የመድኃኒት መዝገብ ውስጥ ገባ። አወሳሰዱም እንደኛው ነበር፤ ግማሽ አውንስ ያህል ዱቄት በፈላ ውሃ ተነክሮ፣ ሳይጠለል፣ ከነአተላው ይጠጣል። የለንደን በሽተኛም እንደ አያቴ አፍንጫውን ቆንጥጦ መሆን አለበት።

ምሬቱ ውስጥ ያለው

አበባው ትሉን እንዴት ያሸንፈዋል? ኬሚስቶች ይህን ጥያቄ መመርመር የጀመሩት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ከአበባው ኮሲን የተባሉ ንጥረ ነገሮችና ከሁሉም ኃይለኛ የሆነው ኮሶቶክሲን ተለይተው ወጡ። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የፊንላንድ ተመራማሪዎች የኮሲኖቹን አወቃቀር ዘርዝረው አሳዩ፤ ሁሉም ፍሎሮግሉሲኖል ከሚባል አንድ ሥር የተቀጠሉ ናቸው።

እዚህ ላይ ተፈጥሮ አንድ ድንቅ ነገር ትነግረናለች። አውሮፓውያን ለዘመናት ለኮሶ ትል ይወስዱት የነበረው የራሳቸው መድኃኒት ከፈርን ተክል ሥር የሚወጣ ነበር። ፈርን አበባ የሌለው፣ ጥላ ሥር የሚበቅል ጥንታዊ ቅጠል ነው፤ ከኮሶ ዛፍ ጋር ዝምድና የለውም። በውስጡ ያለው የትል ገዳይ ግን እንደ ኮሶው ከፍሎሮግሉሲኖል የተሠራ ነው። የአውሮፓ ገበሬና የሰሜን ተራራ ገበሬ ሳይተዋወቁ፣ በሁለት የተለያዩ ተክሎች ውስጥ አንድ ዓይነት መሣሪያ አግኝተዋል። ሁለቱም የደረሱበት በመሞከር፣ በማስተዋልና ለልጅ በመናገር ነው።

መሣሪያው የሚሠራው የትሉን ጡንቻ በማሽመድመድ ነው። ትሉ የአንጀትን ግድግዳ የያዘበት ኃይል ይደክማል፤ የሚያስቀምጠው የመድኃኒቱ ጠባይ ደግሞ ጠርጎ ያወጣዋል። ኮሶ በባዶ ሆድ የሚጠጣው፣ ከጠጡም በኋላ ቶሎ ምግብ የማይቀመሰው ለዚህ ነው፤ በትሉና በመድኃኒቱ መካከል ምንም እንዳይገባ።

ጡንቻን የሚያሽመደምድ ነገር ግን የትልን ጡንቻ ከሰው ጡንቻ አይመርጥም። ኮሶቶክሲን በእንስሳት ላይ ሲሞከር የልብንም ሥራ እንደሚያውክ ታይቷል። ኮሶ ያበዛ ሰው ይዝላል፣ ያስመልሰዋል፣ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ልቡም ይደክማል። ከሁሉ የሚያስፈራው በዓይን ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ የኢትዮጵያ ሐኪሞች መጽሔት ላይ በኮሶ መመረዝ ሳቢያ ዓይናቸው ስለተጎዳ ሰዎች ተጽፏል። እርጉዝ ሴት ከጠጣችው ፅንሷ ሊወርድ ይችላል፤ በገጠርም «ነፍሰ ጡር ኮሶ አትቅመስ» የሚባለው በከንቱ አይደለም።

በመንደራችን አንድ ሰው ነበሩ፤ ልጆች «ኮሶ የያዛቸው ጋሼ» እንላቸው ነበር። አንድ ጊዜ አልወጣልኝም ብለው በሳምንቱ ደገሙት፤ ከዚያ በኋላ ዓይናቸው ድንግዝግዝ አለ ይባላል። በግድግዳ እየተመሩ ሲሄዱ አይቻቸዋለሁ። ያመማቸው ኮሶው ይሁን ሌላ ነገር ማንም አልመረመራቸውም። እማማ ግን ከዚያ ወዲያ የአያቴን ልክ በእፍኝ መስፈር ትተው በአንድ ትንሽ ዋንጫ መስፈር ጀመሩ። «መድኃኒት ሲበዛ መርዝ ነው» ይሉ ነበር።

የባህል መድኃኒታችን ትልቁ ጥያቄ የተሸሸገው በዚያ ዋንጫ ውስጥ ነው። ክፍሉን ለይተን አውቀናል፤ ሴቴዋን አበባ። ጊዜውን አውቀናል፤ በየሁለት ወሩ። ልኩ ግን እንደየዛፉ፣ እንደየዓመቱ፣ እንደየእጁ ይለያይ ነበር። በአንድ ደጋ የተለቀመ አበባ ከሌላው ይበረታል፤ የዘንድሮው ከአምናው ይበልጣል። አንድ እፍኝ ለአንዱ ፈውስ፣ ለሌላው ጉዳት የሚሆነው ለዚህ ነው። ሳይንስ ለእማማ ሊጨምርላቸው የሚችለው ነገር ቢኖር ልክ ነበር።

ይህ ሊሆን እንደሚችል አገራችን በሌላ ተክል አይታዋለች። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አዩ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ነበሩ። እርሳቸው ነገሩን ሳይንቁ ጠየቁ፣ ለኩ፣ መዘኑ። ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኙት በዚህ ሥራ ነው። የሴቶቹን እጅ ማየትና የላቦራቶሪውን ሚዛን ማመን አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ የእርሳቸው ሕይወት ምስክር ነው።

ክኒኑ ሲመጣ

ዛሬ ለኮሶ ትል ዛፍ መውጣት አያስፈልግም። ኒክሎሳማይድና ፕራዚኳንቴል የተባሉ መድኃኒቶች ተገኝተዋል። ሐኪሙ ክብደትን ለክቶ በሚያዝዘው ልክ በአብዛኛው አንድ ጊዜ ብቻ ይወሰዳሉ። ራሱ ወጣ አልወጣ ብሎ የሚጨነቅ ሰው ቢኖር መልሱ በሰገራ ምርመራ ይገኛል። ዓይንን አያስፈራሩም፤ እርሻም አያስቀሩም።

ስለዚህ ይህን የሚያነብ ሰው ሆዱን ቢጠረጥር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። የኮሶን ዱቄት በቤቱ የሚበጠብጥ ካለ፣ በተለይ የልብ ወይም የዓይን ሕመም ያለበት፣ እርጉዝ የሆነች ሴት ወይም ሕፃን ከሆነ፣ ይተወው። ይህን የምጽፈው ዛፉን ንቄ አይደለም። እማማ ዛሬ በሕይወት ቢኖሩ፣ ያችን ትንሽ ዋንጫ የፈለጉ ሴት፣ ልኩ የታወቀውን ክኒን በደስታ የሚቀበሉ ይመስለኛል።

ከመድኃኒቱ የሚቀድመው ግን ቁርጡ ነው። ትሉ ከሰው ወደ ከብት፣ ከከብት ወደ ሰው የሚዞረው በሜዳ ላይ መጸዳዳትና በጥሬ ሥጋ ነው። በእንቁላሉ የተበከለ ሣር የጋጠ ከብት እጩን በጡንቻው ይሸከማል። መጸዳጃ ቤት ያለው መንደር ግማሹን መንገድ ዘጋ ማለት ነው። በቄራ ምርመራ ሲደረግ የከብቱ ምላስ፣ ልብና የመንጋጋ ሥጋ እየተቀደደ የሚታየው ከረጢቶቹ በብዛት እዚያ ስለሚገኙ ነው፤ ያልተመረመረ እርድ ይህን ጥበቃ አያገኝም። በደንብ የበሰለ ሥጋ እጩን ይገድለዋል፤ ከዜሮ በታች አሥር ዲግሪ ላይ አሥር ቀን የቆየ ሥጋም እንዲሁ። ከፋሲካ ጾም ፍቺ ቁርጥ ማንም አያስቀረንም ይሆናል፤ ያንን ጮማ ከየት እንዳመጣነው ማወቅ ግን በእጃችን ነው።

የዛፉ ድርሻ

መድኃኒቱን ስንተው ዛፉን አብረን እንዳንተው እፈራለሁ። የኮሶ እንጨት ቀይና ውብ ነው፤ ጠረጴዛ፣ በር፣ የቤት ወለል ይሠሩበታል። ለመቆረጡ አንዱ ምክንያት ይኸው ውበቱ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶን ከዝግባ፣ ከጥድና ከዋንዛ ጋር በመንግሥት ደን ውስጥ እንዳይቆረጡ ከተከለከሉት ዛፎች መደበው። ሕግ ግን ችግኝ አያበቅልም። በብዙ ደጋ የሚታየው ትልልቁ አሮጌ ኮሶ ነው፤ ልጆቹ የሉም። ከብቱ ቡቃያውን ይግጠዋል፣ ማረሻው ይገለብጠዋል።

ኮሶ የብቸኝነት አቅም የሌለው ዛፍ ነው። ሴቴ ዛፍ ያለ ወንዴው ፍሬ አይኖራትም፤ ነፋሱ ብናኙን የሚያመጣላት ጎረቤት ካላት ብቻ ነው። በማሳ መካከል ለጥላ የተተወችው አንዲት ሴቴ ኮሶ ዓመት ዓመት በቀይ ዘለላ ትሸለማለች፣ ዓመት ዓመትም መካን ሆና ታልፋለች። አበባዋን ሁሉ ለመድኃኒት ስንለቅምም ዘሯን አብረን እንለቅማለን።

ንብ አርቢዎች የዛፉን ሌላ ጥቅም ቀድመው ያውቁታል። በባሌ ያነጋገርኳቸው አንድ ሽማግሌ ኮሶ ሲያብብ የተሠራ ማር ሆድ ያጸዳል ብለው ያምናሉ። የአበባው ምሬት ወደ ማሩ ስለመግባቱ የሚከራከሩም አሉ። የማያከራክረው ነገር ንቡ ዛፉን መውደዱ ነው። ደጋው ውስጥ ኮሶ ንብ ያበላል፣ አፈር ይይዛል፣ ጥላ ይሰጣል፣ ውርጭ ያበርዳል። መድኃኒትነቱ ከጥቅሞቹ አንዱ ብቻ ነበር።

ሰባት ጉድጓድ

ባለፈው ሰኔ ወደ መንደራችን ሄድኩ። እማማ ከዓመታት በፊት አበባውን ይለቅሙበት የነበረው፣ ከአጥሩ ጥግ የቆመው ኮሶ የለም። እርሳቸው ካለፉ በኋላ ተቆርጦ ተሰነጠቀ፤ አሁን የአጎቴ ቤት በር ሆኗል። በሩን ስነካው ቀይ ነው፣ ለስላሳ ነው። አጎቴ ዐይኔን አይተው «እናቴን የቆረጥኩ ያህል ነው የተሰማኝ፤ ያኔ አልገባኝም» አሉኝ።

ከድንሾ ሳይሆን ከቅርብ የችግኝ ጣቢያ ያመጣኋቸውን ችግኞች አውርጄ አሳየኋቸው። አጎቴ ዶማቸውን ይዘው ወጡና ጉድጓድ መቆፈር ጀመሩ። አንድ ቆፈሩ፣ ሁለት ቆፈሩ። «ይበቃል እኮ፤ ጥላው ሰፊ ነው» አልኳቸው።

«አንተ ልጅ፣ ወንዱንና ሴቷን ለይተህልኛል?» አሉኝ።

አልለየሁም፤ ማንም አይለይም። ኮሶ አበባ እስኪያወጣ ድረስ ወንዴ ይሁን ሴቴ አይታወቅም፤ ያን ለማወቅ ዓመታት መጠበቅ አለ። አጎቴ ይህን ከእናታቸው ሰምተውታል። አንድ የተከለ ምናልባት መካን ይተክላል፤ ሁለት የተከለም ሁለት እህትማማች ሊሆኑበት ይችላሉ። ስለዚህ ከአጥሩ እስከ ወንዙ ድረስ ሰባት ጉድጓድ ቆፈርን። ልጆቹ ውሃ አመላለሱ፤ ትንሿ የእህቴ ልጅ ለእያንዳንዱ ችግኝ እሾህ አጠረችለት። ዝናቡ ሲጀምር ወደ ቤት ገባን። አጎቴ የኮሶውን በር ዘጉትና በሩ ላይ እጃቸውን አሳርፈው ትንሽ ቆዩ።